በእጅ ማዳመጥ

ፔይሩ እጇን ያን በሚባለው የልምምድ ጓዷ ክንድ ላይ አሳረፈች። ዙሪያዋን አላየችም።

በቲያንጂኑ መናፈሻ የመምህር ሜንግ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በቀስታ ይገፋፋሉ። የጠዋት ታይ ቺ፣ የቻይናውያን የዝግታ ትግል ልምምድ ነው። ጃፓኖች ከተማዋን ከያዙ ወዲህ፣ ሁለት ሰዎች ሳይጠረጠሩ እጅ ለእጅ የሚነካኩበት እንዲህ ያለ ቦታ ብርቅ ሆኗል።

ያን ከእጅጌው ወደ እጅጌዋ ጥፍር የሚያክል የሬዲዮ ክሪስታል ሊያሾልክላት ነው። ያለ እሱ ወንዙ ላይ በጀልባ የተደበቀው ሬዲዮ ዱዳ ነው።

ጃፓኖችን በስውር ለሚታገሉት፣ ለላኳት ሰዎች፣ በምስጢር ስሟ «ሸምበቆ» ናት። እዚህ ግን ሐኪም «ታይ ቺ ይሻልሻል» ብሎ የላካት፣ ሳንባዋን የታመመች የጨርቅ ሻጭ። ሕመሙ ውሸት አልነበረም። ስትመጣ ደረጃ መውጣት ያቅታት ነበር። አሁን ሳትስል ታድራለች።

ሽማግሌው መምህር አጠገባቸው ቆሙ።

«ያን፣ ትከሻህን ጣለው። ጠላትህን የሚጥልልህም፣ እስከ እርጅና የሚያቆምህም አንድ ነገር ነው። መላላት።»

«ሚስቴ ግን አሁንስ በጣም ላልክ ትለኛለች፣ መምህር።»

ተማሪዎቹ ሳቁ።

ክሪስታሉ እጅጌዋ ውስጥ ገባ።

ያን ግን እጁን ከክንዷ ላይ አላነሳም።

በእጅሽ አዳምጪ ይሏታል መምህሩ ሁልጊዜ። አዳመጠች። ትንፋሹ ደረቱ ላይ ቀርቷል። ክብደቱ ወደ እሷ አዘንብሏል። ሊገፋ የተዘጋጀ ሰው እንዲህ አይቆምም። ሊይዝ ያሰበ እንጂ።

ሸጧታል።

«የት ናቸው?» አለችው በሹክሹክታ።

«ሻይ ቤቱ ውስጥ። ሚስቴን ይዘውብኛል። ይቅር በይኝ እህቴ።»

የእጇን አንጓ ጨመቀ።

አልታገለችውም። ላላችለት። ክንዷ ሲሸሽ ተከትሎ መጣ፤ ወገቧን አዞረች። ያን ጠጠሩ ላይ በፊቱ ተደፋ። ክርኑ ሲሰበር ሰማችው።

ፊሽካ ተነፋ። ከሻይ ቤቱ ሦስት ሰዎች እየሮጡ ወጡ።

መምህር ሜንግ ምንም አልጠየቋትም። ወደ መውጫው የሚወስደው ጠባብ ድልድይ ድረስ አብረዋት ሄዱና መሃሉ ላይ ቆሙ።

«ይምጡ እንጂ መምህር!»

«ሩጫ አላስተማርኩም። አንቺ ሂጂ።»

«ይገድሉዎታል።»

«ትንፋሽሽን በወሬ አትጨርሺ፣ ልጄ።»

የመጀመሪያው ሰው ሊገፋቸው ሲል ራሱ ውሃው ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም ተከተለው።

ሦስተኛው አልቀረበም። ሽጉጡን አወጣ።

ተኩሱን የሰማችው ከአጥሩ ማዶ ሆና ነው። አልቆመችም።

ጀልባው ላይ የሬዲዮ ሠራተኛው ክሪስታሉን ተቀብሎ ገጠመው። ትንሿ መብራት በራች። የወጣው መልእክት አጭር ነበር፤ ተቀባዮቹ ሰሙት።

«ሌላ ከተማ ትሄጃለሽ» አላት አለቃዋ። «ግን የታይ ቺውን እንቅስቃሴ ማንም እንዳያይብሽ። የሜንግን አቋቋም የሚያውቅ ሁሉ ያውቅሻል።»

«ገብቶኛል።»

ጂናን ከተማ ውስጥ የጥጥ ፋብሪካ ሥራ ገባች። ስሟ ሌላ ሆነ። መኝታ ክፍል የምትጋራት ሠራተኛ ሊያንሁዋ የጥጡ ብናኝ ደረቷን ዘግቶባት ቀን ሙሉ ታቃስታለች።

አንድ የዕረፍት ቀን ፔይሩ መጋረጃውን ጋረደች። ሊያንሁዋን አስነሣቻት፤ ጉልበቷን እንዴት እንደምታጥፍ፣ ትንፋሿን እንዴት ወደ ሆዷ እንደምታወርድ በእጇ እየነካች አሳየቻት።

«ቀለል አለኝ» አለች ሊያንሁዋ ተገርማ። «ማን ነው ያስተማረሽ?»

ፔይሩ የመጋረጃውን ጠርዝ አስተካከለች።

«ማንም» አለች።