ቢጫ የሆነው ዱቄት

ክዳኑ አልላቀቅ ስላላት ጣሳውን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ በሁለት እጇ ሳበችው። ቋ ብሎ ተከፈተ። ጎንበስ ብላ ውስጡን ስታይ ክው አለች።

ዱቄቱ ቢጫ ሆኗል። እዚህም እዚያም ጓጉሏል፤ ጠርዙ ላይማ ጭራሽ ወደ ቡናማ ሄዷል። ነጭ እንደሆነ መቆየት የነበረበት ይሄኛው ነበር። እሷና ጓደኛዋ ከዚሁ ላይ ቀንሰው ክዳን በሌለው ሳህን የተዉት ግን፣ በቤተ ሙከራው መስኮት አጠገብ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ነጭ ሆኖ ተቀምጧል።

ክፍል ውስጥ ሁሉም «ጥያቄ» ነው የሚሏት። እጇን አውጥታ «ለምን?» ሳትል የምታሳልፈው ክፍለ ጊዜ የለም። አሁን ግን የሚጠየቅ ሰው አልነበረም፤ ሙከራውን የሚያቀርቡትም በማግስቱ ጠዋት ነው።

የሙከራው ሐሳብ የመጣው ከቤት ነው። ጥያቄን ያሳደገቻት አክስቷ ከጥያቄ ጓደኛ እናት ጋር ሆና አንድ ምድር ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ትሠራለች። ሁለቱ ሴቶች ቀላቅለው፣ ነፍተው፣ በዝርግ ትሪ ምድጃ ላይ አድርቀው የሚያስቀምጡት ዱቄት ጥቂት ሰንበት ሲል ይወይባል። ማጠቡን ያጥባል፤ ባለሱቆቹ ግን «ይሄማ ያረጀ ነው» እያሉ ይመልሱታል። አክስቷ የተመለሰውን ከረጢት ተሸክማ ስትገባ አንድም ቃል አይወጣትም፤ ጥግ አስቀምጣው ወደ ሥራዋ ትዞራለች። ብታማርር ይሻል ነበር። ዝምታዋ ነው የጥያቄን አንጀት የሚበላው። ስለዚህ ከጓደኛዋ ጋር «መላውን እኛ እናገኛለን» ብለው ተነሱ። ዱቄቱን የሚያወይበው እርጥበት ነው፤ አየር እንዳይገባው ጥርቅም አድርጎ ማሸግ ነው አሉ። ለመምህሩም፣ ለእናትና ለአክስትም ቀድመው አወሩ።

የቤተ ሙከራው በር ተበረገደ። ጓደኛዋ ናት። ስትራመድም ስታወራም ስለማትያዝ «ጀት» የሚል ስም ወጥቶላታል።

«ምነው፣ ምን ሆነሻል?» አለችና አንገቷን አስግጋ ጣሳው ውስጥ አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው ጠፋ።

«ተገልብጦ ነው የወጣው» አለች ጥያቄ። «የታሸገው ወየበ፣ ያልታሸገው ነጭ ነው። ለምን?»

«አቦ፣ አሁን ለምን ለምን አትበይ! ነገ እኮ ነው።»

ጀት ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ወረቀት አጥፋ ነጩን ወደ ጣሳው፣ ቢጫውን ወደ ሳህኑ አዘዋወረች። እጇን አራገፈች። «ዓለም ዘጠኝ ናት ያሉት ጣሳና ሳህን መገልበጥ ስላልቻሉ ነው።»

«ይሄ እኮ ፎርጂድ ነው።»

«መሆን የነበረበትን ነው ያደረግሁት! የሳይንስ መጽሐፉስ እርጥበት ነው አይደል የሚለው?» ድምጿ ድንገት ዝቅ አለ። «ነገ እናቴ ትመጣለች። እስከ ዛሬ እዚህ የመጣችው እኔ አጥፍቼ ተጠርታ ነው። አንድ ቀን እንኳ ለሌላ ነገር ትምጣ። እባክሽ።»

ጥያቄ ጣሳውን አንስታ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

በማግስቱ ጀት ሙከራውን ስታስረዳ ምላሷ እንደ ቅቤ ቀለጠ። መምህሩ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ጥያቄ አጠገቧ ጣሳውን ታቅፋ ቆማለች። የጀት እናት ከኋላ የወንበር ጫፍ ይዛ ተቀምጣለች። የዱቄቱ ሶዳ በሰነጣጠቀው እጇ ዓይኗን እየጠረገች፣ ማንም ሳይጠይቃት አጠገቧ ላለው ሰው «የኔ ልጅ እኮ ናት» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ አለችው።

ሲያበቃ የጥያቄ አክስት መጥታ ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈቻቸው። «ኮራሁባችሁ! ዛሬውኑ ያለንን ጥሬ ዕቃ በሙሉ ቀላቅለን፣ አድርቀን፣ በብረት በርሜሎቹ እናሽገዋለን።»

«በሙሉ?» አለች ጥያቄ።

«ታዲያስ! መላው ከተገኘ በኋላ ምን ያስፈራል?»

ሴቶቹ እየተሳሳቁ ወጡ። ጥያቄ ጀትን ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት።

«ሊያሽጉት ነው እኮ።»

«ምናልባት የእነሱ አይወይብ ይሆናል።»

«ምናልባት?»

«ተይኝ በቃ! አላየሻትም እናቴን? እንዴት አድርጌ ነው አሁን…» አልጨረሰችውም። ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ሰቅላ ሄደች። እንደ ወትሮዋ አልፈጠነችም፤ እግሯን እየጎተተች ነበር።

ትምህርት ሲያልቅ ጥያቄ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሳ ጣሳውን አገላበጠችው። የክዳኑን ሆድ ወደ ብርሃን ስታዞር ተንጠባጥቦ የደረቀ የውሃ ምልክት አየች። በየምልክቱ ዙሪያ ዝገት አለ። ያኔ ትዝ አላት። ዱቄቱን ከቤተ ሙከራው ምድጃ ያወረዱት ደወል ሊደወል ሲል ነው። ጀት «ቶሎ በይ!» ስትል ትሪው እጅ ያቃጥል ነበር፤ ያን ትኩስ ዱቄት ጣሳ ውስጥ ገልብጣ ክዳኑን በመዳፏ የጫነችው ደግሞ ራሷ ጥያቄ ናት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ታፍኖ አልቦት፣ ላቡ ክዳኑን አዝጎ፣ ዝገቱ ዱቄቱ ላይ ተንጠባጥቦ ይሆናል። ሳህኑ ላይ የነበረው ግን ተረጋግቶ ቀዝቅዟል፤ ክፍሉም ፀሐይ የሚገባው ደረቅ ክፍል ነው።

ይሆናል። ደግመው አልሞከሩትማ፣ በምን ታውቃለች?

ምድር ቤቱ ስትደርስ የምድጃው ሙቀት ከደረጃው ጀምሮ ተቀበላት። አክስቷ እያንጎራጎረች ከትሪው በማንኪያ እየዛቀች ወደ በርሜል ትጨምራለች። የበርሜሉ የውስጥ ቀለም ተፋፍቆ ብረቱ ይታያል። ጥያቄ ጣቷን ዱቄቱ ላይ አሳረፈችና ቶሎ አነሳችው። ይፋጃል።

አንድ ነገር ማለት ትችል ነበር፦ «መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።» አክስቷ እሺ ትላለች፤ ስለ ሳህኑ ማንም አይጠይቅም፤ የጀትም እናት እንደኮራች ትኖራለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ግድግዳውን አየች፤ ከታች እስከ ወገብ ድረስ እርጥበት አበላሽቶታል። እዚህ ሲቀዘቅዝስ? የእርሷ ግምት ስህተት ቢሆንስ? አክስቷ ያለ የሌለውን የምታፈስሰው አይቻለሁ ብላ በምታምነው ነገር ላይ ነው።

«እትዬ፣ አትክደኚው።»

«ለምን?» አክስቷ ማንኪያውን እንደያዘች ዞረች።

«እስክመለስ ብቻ ጠብቂኝ። ስመጣ ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?»

«አይደለሁም» አለችና ደረጃውን ወጣች።

የጀት ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ጀት ራሷ ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል። ጥያቄ በሹክሹክታ የዝገቱን፣ የትኩሱን ዱቄት፣ የበርሜሉን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻት።

«ልትናገሪ ነው?» አለች ጀት።

«የእኔን። ትኩሱን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ ጣሳውንም ይዤ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። የገለበጥሽው አንቺ ነሽ፤ እሱን ከአንቺ አፍ ቢሰሙ ይሻላል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ባልመጣስ?»

ጥያቄ አልሄደችም። እዚያው በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ነው?» አለች የጀት እናት ከውስጥ። የጠዋቱ ደስታ ከድምጿ ገና አልወጣም። «ጓደኛሽ ናት? ግቢ በያት እንጂ! ልብሴን ቀይሬ ልወጣ ነው፣ በርሜሎቹ እየጠበቁኝ ነው።»

ጀት የበሩን ጠርዝ ለቀቀች። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረች።

«እማዬ» አለች፤ ድምጿ ተሰብሮ እንደገና ተቃና። «አብሬሽ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

ጎንበስ ብላም ጫማዋን ማሰር ጀመረች።