ያልተሰካው ገመድ

እናቷን ከቀበረች ሰባት ወሯ ነው። ሰው ሁሉ «ጎሽ፣ ጠንካራ ነሽ» ይላታል። ምን ጥንካሬ አለና! ድንዛዜ ነው እንጂ። እንባም ሳቅም እምቢ ብሏታል። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የሰው ጆሮ ትመረምራለች። በቃ።

ዩኒቨርሲቲው ስለ መስማትና መግባባት ለሁሉም ክፍት የሆነ ተከታታይ ትምህርት ሲጀምር፣ ረቡዕ ረቡዕ የመመርመሪያውን ማሽን ይዛ አዳራሽ መገኘት የእሷ ድርሻ ሆነ። አንድ አናጢ አንድም ረቡዕ ቀርቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ትከሻው ላይ የእንጨት ብናኝ አይጠፋም።

በአራተኛው ሳምንት ፕሮፌሰሩ «አንተ የፊተኛው፣ ና እስቲ፣ ምርመራውን እናሳይብህ» አሉት። እምቢ ማለት አልቻለም።

እሷ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገች፣ የሚጫነውን ቁልፍ አስጨበጠችው። «ድምፅ በሰማህ ቁጥር ተጫን።»

ሃያ ጊዜ ተጫነ። አንዲትም አላመለጠችውም።

«ወይ ጆሮ!» አሉ ፕሮፌሰሩ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ዕቃዋን ስትሰበስብ ነው ያየችው። የማዳመጫው ገመድ ከማሽኑ ጋር አልተሰካም። ለካ ሰውየው ጆሮ ውስጥ ምንም ድምፅ አልገባም! ሌላ ሰው ቢሆን ክው ይል ነበር። እሷ ገመዱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በሩ ላይ ደረሰችበት።

«ገመዱ አልተሰካም ነበር። ምን ሰምተህ ነው የተጫንከው?»

ፈገግታው ጠፋ። «እጅሽን እያየሁ ነዋ! ጆሮዬ ከደከመ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰውን የምሰማው ፊቱን እያየሁ ነው። ያንቺ ፊት ግን ምንም አይናገርም። ግራ ሲገባኝ፣ ማሽኑን በነካሽ ቁጥር ተጫንኩ።»

ተመርማሪ ጀርባውን አዙሮ ይቀመጣል፤ የሙያዋ ሀ ሁ ይሄ ነው። ይህንንም ረስታ ነበር።

«ትምህርቱን ለጆሮህ ብለህ ነው የምትመጣው?»

«መጀመሪያ ለጆሮዬ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከሦስተኛው ረቡዕ ወዲህ ለጆሮዬ መሆኑ ቀረ።»

ደስ ሊላት እንደሚገባ ገብቷታል፤ ደስታው ግን አልመጣም።

«ነገ ክፍሌ ና፣ በትክክል ልመርምርህ።»

«አለቃዬ ካወቀ ከመጋዙ ማሽን ያነሳኛል። ሌላ ሥራ አላውቅም። በእናትሽ፣ እንዳላየሽ እለፊኝ።»

«ጓደኛህ ‹ተጠንቀቅ!› ብሎ ሲጮህ ባትሰማውስ?»

አሥሩንም ጣቶቹን ተራ በተራ አያቸው።

በማግስቱ መጣ። ጀርባውን አዙራ አስቀመጠችው፤ ገመዱን ሁለቴ አረጋገጠች። ድምፅ ሰጠች። አልተጫነም። ጨመረች። አልተጫነም። ደግማ ጨመረች። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተዘጋጅቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እናቷም በመጨረሻዋ ቀን እንዲሁ በር በሩን እያየች ጠብቃት ነበር፤ አልደረሰችላትም።

የሰባት ወሩ እንባ ያን ጊዜ መጣ።

መጠበቁ ሲረዝምበት ዞረ። አያት።

«መጥፎ ነው አይደል?»

«መጥፎ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልግሃል። የምርመራ ወረቀቱ ላይም እውነቱን ነው የምጽፈው።»

«ጻፊው» አለ፣ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል። «ዛሬ ገና ፊትሽ ተናገረ።»

«ምን አለ?»

«‹አትሂድ› አለ።»

አልካደችም።

አለቃው ወረቀቱን ሲያይ፣ እንደተፈራው ከመጋዙ አንስቶ ቫርኒሽ መቀባት ላይ መደበው፤ አናጢው ሲነጫነጭ ከረመ። ጣቶቹ ግን አሥሩም አሉ።

በመጨረሻው ረቡዕ ፊተኛው ረድፍ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። እሱ አዲሱን መሣሪያ ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ፕሮፌሰሩ እያየ ሳለ፣ እሷ ከጎኑ በሹክሹክታ «እወድሃለሁ» አለች።

ዘወር አላለም። በአውራ ጣቱ መዳፏን ተጫነ።