የሺወርቅ የገለበጠችው ማኒፌስቶ

በ1995 ዓ.ም. ከዳባትና ከደባርቅ መካከል ባለች ትንሽ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። የዚያን ጊዜ የጠዋት ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ባንዲራ እስኪሰቀል ድረስ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ አጥሩን ተደግፈን ፀሐይ እየሞቅን ስንቀላለድ የነበረው ሁሉ ዛሬም ይናፍቀኛል። ከዚያ ዘመን የማፍርበት አንድ ነገርም አለኝ፤ ወጣቶች ይማሩበት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ያን ዓመት ለተማሪዎች መማክርት ሊቀመንበርነት ተወዳደርኩ። የምርጫ ምልክቴ የእጅ ሰዓት ነበር። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ስለሆነ አርፍጄ አላውቅም፤ በዚህም እንደ ትልቅ ጀግንነት እኮራ ነበር። ማኒፌስቶዬ ላይ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የኳስ ሜዳውን፣ ምኑን ምኑን ከደረደርኩ በኋላ አንድ ነጥብ ጨመርኩ፦ «ከባንዲራ በኋላ የመጣ ማንኛውም ተማሪ በዕለቱ ወደ ግቢ እንዳይገባ አደርጋለሁ።» መምህራን እንደሚወዱልኝ አውቅ ነበር።

የእጅ ጽሑፌ ግን ለማንበብ የሚያስቸግር ነበር። ስለዚህ አብራኝ ለምትቀመጠው ለየሺወርቅ ገልብጪልኝ ብዬ ሰጠኋት። የሺወርቅ የቄስ ሀብተ ሚካኤል ልጅ ናት፤ ፊደል አጣጣል ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አገሯ ከከተማው በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ እየተማረች፣ አርብ አርብ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች።

ያቺ ነጥብ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ላቀው፣ ይቺስ ብትቀር?»

«ለምን? ሰዓት የማያከብር ተማሪ ምን ይሠራልናል?»

«እንዲያው ነው» ብላ አቀርቅራ ጻፈችው። እኔም ነገሩን ተውኩት።

አሸነፍኩ። ትምህርት ቤቱም ሐሳቤን ወዲያው ተቀበለው። ዘበኛው ጋሽ ቢራራ ባንዲራ ሲሰቀል በሩን መቆለፍ ጀመሩ፤ ለእኔም በየስብሰባው ተጨበጨበልኝ። ብዙም ሳይቆይ የየሺወርቅ ቦታ ሰኞ ሰኞ ባዶ መሆን ጀመረ። በሰባተኛው ሳምንት ጨርሳ ቀረች።

አብራት የምትኖረውን ልጅ ጠየቅኳት። በእነ የሺወርቅ ቤት ቅዳሜም እሁድም ሰንበት ነው፤ ሸክም አይነሳም። ስለዚህ ስንቋን ይዛ የምትነሳው ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሸክም ይዛ ስትደርስ ባንዲራው ተሰቅሎ በሩ ተቆልፏል። የሰኞ ፈተናዎች በተከታታይ ሲያመልጧት ተስፋ ቆርጣ አገሯ ቀረች። ይህን ሁሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለማወቄ አሳፈረኝ።

አርብ ከሰዓት መንገዱን ጠይቄ ሄድኩ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን መርቀው አስገቡኝና እግሬን አስታጠቡኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«የጻፍከውን አሳይታኛለች፤ ቃሉስ ያማረ ነው» አሉኝ። «እንዲያው ልጄ፣ ያን ስትጽፍ ይህን መንገድ አይተኸው ታውቅ ነበር?»

«አላውቀውም ነበር፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ሰንበቱን ከኛ ጋር ዋልና ሰኞ ከሷ ጋር ትሄዳለህ።»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ስንቁን እኔ ነኝ የምሸከመው ብዬ ፎክሬ አነሳሁት። የመጀመሪያውን አቀበት ሳልጨርስ ግን ግማሹን ተቀበለችኝ፤ አልሳቀችብኝም። ስንደርስ በሩ ተቆልፎ ነበር። ጋሽ ቢራራ በቀዳዳው አዩኝና «ይህን የጻፍከው አንተው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ፤ አልከፈቱልኝም።

ከአጥሩ ሥር ስንቃቸውን እንደያዙ የተቀመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ስድስት ናቸው። ሁሉም የገጠር ልጆች ናቸው። አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩኝ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ በባንዲራ ሰዓት በተማሪው ሁሉ ፊት ወጥቼ፣ ተሳስቻለሁ፣ ያ ነጥብ ይሰረዝልኝ አልኩ። ርእሰ መምህሩ ተስማሙ፤ የሰኞው ፈተናም ወደ ማክሰኞ ተዛወረ። የሺወርቅ ወደ ክፍል ተመለሰች። ያመለጧት ፈተናዎች ግን ተቆጥረውባት ዘጠነኛን ደገመች።

ለሌላው ሰው ደንብ የምታወጡ ሁሉ፣ ደንቡ የሚነካውን ሰው ቀድማችሁ ስሙት። ዝም ቢላችሁ ተስማምቷል ብላችሁ አትለፉ፤ በአገራችን ዝም የሚያሰኝ ይሉኝታ ብዙ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በየሺወርቅ የአንድ ዓመት ኪሳራ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ካርድ የተሰጠን ዕለት ይቅር እንድትለኝ ለመንኳት።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ። «ግን ላቀው፣ ያን ቀን አንዴ ደግመህ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር።»