ረቡዕና አርብ የጎደሉት ልጆች

ነፍሰ ገዳዩን ያስያዘው ጾም ነው! አዎ፣ ጾም! ረቡዕና አርብ! ውይ፣ መጨረሻውን ቀድሜ ዘረገፍኩት አይደል? ምን ላድርግ፣ ይሄ ነገር አፌ ላይ ሲደርስ አያስችለኝም። ደሞ ሌላም አለ። ያን ቀን ሁሉም ሲያስሱት የዋሉት ማስረጃ እኔ ከረጢት ውስጥ ነበር! በቃ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር፣ ሐሙስ ቀን፣ መካነ ሰላም። እኔ እንቁ እባላለሁ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንደርስ «መምህር አድማሴ ሞቱ» አሉን። እኛም «እሺ» አልን። እውነቴን ነው፣ «እሺ» ነው ያልነው። ያን ሰሞን ሞት እንደ ደወል ነበር፤ ተደወለ፣ ሰማን፣ ገባን። እናቴ በጥቅምት በተስቦ ስትሞት ከቀብር ተመልሼ የሒሳብ ፈተና ተፈትኛለሁ። ዘጠኝ ከአሥር አገኘሁ።

መምህር አድማሴ የስድስተኛ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የተገኙት መዝገብ ቤት ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው ነው፤ ትልቁ የመጻሕፍት ቁምሳጥን ደረታቸው ላይ ወድቋል። ዲሬክተራችን አቶ ንጉሡ «አደጋ ነው፣ የቁምሳጥኑ እግር ድሮም በስብሶ ነበር» አሉ። አሥር አለቃ ቢተው ከፖሊስ ጣቢያ መጥቶ «አደጋ» ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያራግፍ እሷ ደረሰች።

እሷ! ወይዘሪት አልታዬ! ጸጉሯ አፍሮ፣ እንዲህ ክብ! ሱሪ ለብሳለች! ከደሴ የመጣችበት ላንድሮቨር አቀስታ ላይ ተበላሽቶባት የቀረውን መንገድ በበቅሎ ነው የጨረሰችው፣ ግን ከሰርግ የመጣች ነው የምትመስለው። ሥራዋ «የትምህርት ፕሮግራም አጥኚ» ይባላል። ስንት ልጅ ገባ፣ ስንቱ ቀረ፣ ለምን ቀረ፣ የሚማረውስ ይጠቅመዋል ወይ ብላ ታጠናለች። የየክፍሉን የጥር ወር መዝገብ ልትሰበስብ የመጣችውም ለዚሁ ነው።

ወጣቱ መምህራችን መለሰ ገና ሲያያት ለከፋት። «ለመቁጠር ነው አሥራ ስድስት ዓመት የተማርሽው?»

«መቁጠርማ ሁሉም ይቆጥራል» አለችው። «እኔ የተማርኩት የጎደለውን ማየት ነው።»

ወይኔ! ልቤ ጥፍት አለች።

የሰባተኛ ክፍልና የመዝገብ ቤቱ ግድግዳ አንድ ነው፣ ጭቃው ተልጦ ቀዳዳ አለው። እኔ የምቀመጠው እዚያው አጠገብ ስለሆነ ምንም አላመለጠኝም።

«አሥር አለቃ» አለች፣ «የተሰበረው ማጅራቱ ነው። ቁምሳጥኑ የወደቀው በደረቱ ላይ ነው። ወለሉ ደግሞ አፈር ነው። ማጅራቱን ምን ሰበረው?»

ቢተው ወለሉን በጫማው ነካ ነካ አደረገው። «እንዴ! ለካ...»

«እዚህ ክፍል ድንጋይ ያለው የት ነው?»

«ደፉ ላይ ብቻ።»

ጎንበስ ብላ አየችው። «የሌሎቹ ክፍሎች ደፍ አቧራ ለብሷል። ይሄኛው ታጥቧል። እዚህ ወድቆ ነው የሞተው። ከዚያ ጎትተው አስገቡትና ቁምሳጥኑን ጣሉበት። ሰው ነው የገደለው።»

ቢተው «አደጋ» ያለውን ሰረዘው። ከሟቹ ሌላ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ አቶ ንጉሡን አስጠሩ።

«ስድስተኛ ክፍል ስንት ተማሪ አለ?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ትናንት ስንት መጡ?»

«ሃምሳ ሁለት። እኛ ዘንድ መቶ በመቶ ነው።»

«መቀመጫዎቹን በጣቴ ነካኋቸው። ሃያ ዘጠኙ አቧራ ይዘዋል። ልጆቹ ቆመው ነው የሚማሩት?»

አቶ ንጉሡ ላባቸውን ጠረጉ። «ወይዘሪት፣ እርስዎ ደሴ ነዎት፣ ያውቁታል። ረሃብ ብሎ የጻፈ ዲሬክተር ምን እንደሚሆን...»

«ትናንት ማታስ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን» አሉ፣ ድምፃቸው ወረደ።

ቀጥሎ መለሰ ገባ። እሱማ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ከአድማሴ ጋር ተጣልቻለሁ፣ አዎ! ትክክለኛ መዝገብ ነበረው። ማን በረሃብ ሞተ፣ ማን ወደ ወግዲ ተሰደደ፣ ማን ተኝቷል፣ ከየስሙ ጎን ጽፎታል። ዛሬ ላንቺ ሊሰጥሽ ነበር። እኔ ለአዲስ አበባ ተማሪዎች እንላከው አልኩት፣ እምቢ አለኝ። እናንተ እንደሁ ረሃቡን ስታጠኑት ሕዝቡ ያልቃል።»

አልታዬ አልተቆጣችም። ጠረጴዛው ላይ የተገኘውን መዝገብ አነሳች። «ይሄ ነው?»

«አይደለም! ይሄ የደሴው ግልባጭ ነው። ሁላችንም ሁለት መዝገብ ነው የምናዘጋጀው፣ አንዱ ለክፍል፣ አንዱ ለደሴ። የደሴው ላይ ስም ብቻ ይጻፋል። ሳጥኑ የሚሞላው ወሩ ሲያልቅ ነው። ጥር ደግሞ አላለቀም።»

«ግን ተሞልቷል» አለች አልታዬ፣ ቀስ ብላ። «እስከ ትናንት። እንግዲህ ገዳዩ እውነተኛውን ወስዶ ይሄን ሞላልኝ ማለት ነው። ስማ መለሰ፣ ያ መዝገብ ደሴ ከገባ ለዚህ አገር እህል እጠይቅበታለሁ፣ እምቢ ሊሉኝ አይችሉም። ካልገባ እዚህ ረሃብ የለም ማለት ነው። ነገ ጠዋት ተመላሽ ነኝ።»

የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ አንድ ሰው ቀረ። አክስቴ እትዬ ፈንታዬ ናት። ትምህርት ቤቱን ትጠርጋለች፣ ከገና ወዲህ ደግሞ ለተማሪ የመጣውን የዱቄት ወተት በጥብጣ የምታጠጣ እሷ ነች። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ለእኔም ለትንሹ ወንድሜ ለአራጌም እናት ሆናልናለች። በየጠዋቱ የአራጌን ወተት በጨርቅ ቋጥራ ከረጢቴ ውስጥ ትከትልኛለች። ያን ቀንማ ከበድ ይል ነበር፣ ደስ ብሎኝ አልፈታሁትም።

«ደፉን ማን አጠበው፣ እትዬ?»

«እኔ። እንግዳ ይመጣል አሉኝ።»

«የሌሎቹንስ?»

«ውሃ አለቀብኝ ልጄ። ወላሂ፣ ምንጩ እኮ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ነው!»

ከዚያ ወተት የምትበጠብጥበትን ወተት ቤት ሊፈትሹ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። አልታዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የየክፍሉን ስም ዝርዝር ስታየው እትዬ ፈንታዬ ኮራ አለች። «ዓምና በማታ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠርኩት። የጠጣ ጭረት፣ ያልጠጣ ባዶ። አንድ ጭረት ተሳስቼ አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የእኛ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ተማሪዎቹ ተባረሩ፣ እኔም ከረጢቴን አንግቤ ልወጣ ስል «አንቺ ቀጭኗ፣ ቆይ!» አለችኝ። እኔን! «ልጆቹን ታውቂያቸዋለሽ?»

«ሁሉንም!»

«ነይ፣ ጠረጴዛው ላይ የተገኘውን መዝገብ አንብቢልኝ። ማክሰኞ፣ ጥር ሃያ አንድ። ጭረት ያላቸውን ብቻ።»

አነበብኩ። ሃምሳ ሁለቱም ጭረት አላቸው። ሐረግም አላት። ሐረግን በጥምቀት ማግስት ቀብረናታል፣ እኔ ነኝ መቀነቷን ያሰርኩላት። ስሟን እንደማንም ስም አንብቤ አለፍኩ።

«ረቡዕ፣ ሃያ ሁለት።»

«ሰይድ። ይመር። ዘሀራ። እንድሪስ። ከድጃ...» ቆምኩ። ቁልቁል ሁሉ ባዶ ነው።

«አርብ፣ አሥራ ሰባት።»

«ሰይድ። ይመር። ዘሀራ። እንድሪስ። ከድጃ።»

«ሐሙስ?»

«ሁሉም።»

አልታዬ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሻጠችው። «በዚህ መዝገብ የክርስቲያን ልጆች ረቡዕና አርብ ትምህርት ቤት አይመጡም። አሥር አለቃ፣ ለምን ይመስልሃል?»

ቢተው አሰበ። «ጾም ነው። ግን ጾም ትምህርት አይከለክልም እኮ፣ እኔም ጾሜን ነው የተማርኩት።»

«ታዲያ ምን ይከለክላል?»

ቢተው ቀስ ብሎ፣ «ወተት» አለ።

ወይ ጉድ!

«ወተት» አለች አልታዬ። «አቶ ንጉሡ ቢሞሉት ኖሮ አንድ ባዶ ሳጥን አይተዉም ነበር፤ የእሳቸው ውሸት መቶ በመቶ ነው። መለሰ እውነቱ እንዲወጣ የሚፈልግ ሰው ነው፣ እውነቱን ሰርቆ ውሸት አይሞላም። መምህር ሁሉ ደግሞ ረቡዕ ክፍሉ ባዶ እንደማይሆን ያውቃል። ይሄን የሞላው ሰው አዲስ ውሸት አልፈጠረም። ቸኩሏል፣ አጠገቡ ያለውን ወረቀት ከነባዶው፣ ጭረት በጭረት ገለበጠ። የወተት ቤቱን ወረቀት።»

ሁሉም ዞረው እትዬ ፈንታዬን አዩዋት። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት ማንም ይገለብጠዋል፣ ልጄ። ዋናው መዝገብ የታለ? ወተት ቤቴን ፈትሻችኋል፣ አላገኛችሁም።»

ቢተው አንገቱን ደፋ። «ወይዘሪት፣ እውነታቸውን ነው። ያለ መዝገቡ አላስራቸውም።»

አልታዬ ማኅደሯን ዘጋችው። እንግዲህ ነገ ጠዋት በቅሎዋ ላይ ትወጣለች፣ የምትወስደውም የወተት ወረቀት ነው፤ ሐረግ በሕይወት ያለችበት።

ከረጢቴ ጭኔ ላይ ነበር። እጄን ከተትኩ፣ ለምን እንደከተትኩ እንጃ። ጨርቁን ነካሁት። ዱቄት ይሰረጉዳል፣ አይደል? ይሄ አልተሰረጎደም። ጠርዝ አለው።

ቀና ስል እትዬ ፈንታዬ እያየችኝ ነው። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። ዝም ብላ ታየኛለች፣ ማታ አራጌን ስታጠጣው እንደምታየው።

ምንም አልተሰማኝም። ልዋሽ? ምንም። ተነስቼ ጨርቁን ፈታሁና መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በመምህር አድማሴ ጽሕፈት «ሐረግ፣ ጥር 12፣ በረሃብ» ይላል። ሽፋኑ ጥግ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ገፋሁት» አለች እትዬ ፈንታዬ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሃያ ሦስት ልጅ ነው ያለው ብለህ ከጻፍክ ለሃያ ሦስት ብቻ ነው የሚልኩት፣ በቀሩትና በሞቱት ስም የማወጣው ከቀረ ቤታቸው የተኙትን በምን አጠጣለሁ? አልኩት። እህል ይመጣል አለኝ። መቼ? አልኩት። ጥናቱ ሲያልቅ አለኝ። ያኔ ነው ገፋ ያረግኩት። እንዲህ፣ በመዳፌ። እንደሚወድቅ መች አወቅኩ?»

መለሰ ወደ መስኮቱ ዞረ። አልታዬም እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ያዘችው እንጂ አልጻፈችበትም።

ቢተው ሲወስዳት አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች። «እንቁዬ፣ ሻሽሽ ተፈቷል። እሰሪው፣ ብርድ ነው።»

ወተት ቤቱ ያን ዕለት ታሸገ። አልታዬ መዝገቡን ይዛ ሄደች፣ ቃሏንም ጠበቀች፣ ወላሂ! በመጋቢት ሦስት ካሚዮን ስንዴ መጣ። ከተማው እልል አለ። እኔም እልል ብያለሁ።

አራጌ መጋቢትን አላያትም።

አሁን ግንቦት ነው። ሰው ሁሉ ስለ አድማና ስለወደቁት ሚኒስትሮች ያወራል፣ መለሰማ ሬዲዮው ሥር ነው የሚያድር። ትናንት ከደሴ ወህኒ ቤት ደብዳቤ መጣልኝ። ጽሕፈቷ ያው ነው፣ ትልልቅና ጠማማ። «ለምወድሽ ለእንቁ። እኔ ደህና ነኝ። አራጌ አደገ? ስንዴው ተስማማው? ቶሎ መልሺልኝ» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ስለ መዝገቡ አንዲት ቃል የለችም።

ወረቀቱን ከፊቴ ዘርግቼ ቁጭ ብያለሁ። «ለምወድሽ እትዬ» ብዬ ጀምሬያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ እጄ አልሄደም። ጭረት ላድርግለት ወይስ ባዶ ልተወው? እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትጽፉላታላችሁ?