ለአንድ ቀን የተኛች መኪና

እኔ መኪና አልነዳም። ስለ መኪና የማውቀው ስሳፈር በሩን ቀስ አድርጎ መዝጋትን ብቻ ነው፤ እሱንም በሾፌሮች ቁጣ የተማርኩት ነው። ስሜ እናትነሽ ይባላል፤ ጭሮ ከተማ ውስጥ ጨርቅ እየሸጥኩ እኖራለሁ። ዛሬ ግን ስለ መኪና ልናገር ነው። የሚያውቁት ዝም ሲሉ የማያውቀው መናገሩ አይቀርም። መኪና ያላችሁ፣ መኪና የሚነዳ ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ዘንድሮ ሰርግ የምትደግሱ፣ እባካችሁ ጆሮ ስጡኝ።

ሱቄ ከሙስሊማ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እሷ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ እኔ ደግሞ ወላጆቼ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ ወለዱኝ። በረመዳን የእሷ ሳምቡሳ ከቤቴ ቀርቶ አያውቅም፤ በእኔም በዓል ድፎው የሚቆረሰው እሷ መጥታ ስትቀመጥ ነው። ባሏ ልጆቹ ሳያድጉ ሞተባት። አክረምንና ፈርዶሳን ብቻዋን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አበቃች። ለራሷ የተረፋት የጉልበት ሕመም ነው። ሚኒባስ ላይ ስትወጣ ሰው ካልደገፋት አትችልም። "ያ ረቢ፣ ይሄን እግር ለማን ልስጠው!" ትላለች፤ እኛም እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች።

አክረም አንድ አሮጌ ነጭ ኮሮላ አለችው። ወደ ሂርና፣ ወደ ገለምሶ፣ አንዳንዴም እስከ መቻራ ድረስ በኮንትራት ሰው ይጭንባታል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ይሄን የምለው ጥፋቱን ላሳንስለት አይደለም። የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ፈርዶሳን የሂርናው ዓሊዩ አጫት። ዓሊዩ ድንችና ሽንኩርት የሚነግድ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ልጅ ነው። የሰርጉን ጨርቅ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሰርጉ ሲቃረብ አንድ ቀን ከሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ሳለ አክረም መጥቶ መኪናውን ፊት ለፊቴ አቆመ። ኮሮላዋ ሆዷ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወዲያው የሙስሊማ ወንድም ኢስማኢል ሚኒባሱን ከኋላው አቁሞ ወረደ። ኢስማኢል በጭሮና ገለምሶ መስመር ሲነዳ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ጎንበስ ብሎ መዳፉን በጎማውና ከጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ መካከል ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም።

"ምን አድርገሃት ነው?" አለው።

"አስተኛኋት!" አለ አክረም ጥርሱ ሁሉ እየታየ። ልጆቹ መኪናን ዝቅ ማድረግ "ማስተኛት" ነው የሚሉት።

"ማን ነው ያስተኛት?"

"ዚያድ ነዋ።" ዚያድ በርና መስኮት የሚበይድ ጓደኛው ነው። "አቦ አጎቴ፣ በጣም ቀላል ነው። የጎማዎቹን ሞላ በጋዝ እሳት አጋልነው፣ በራሷ ክብደት ቁጭ አለች። መፍታት እንኳን አላስፈለገንም።"

ኢስማኢል እጁን በሱሪው ጠረገ። "ስማኝ አክረም። ሞላ ለመኪና ወገቧ ነው። እሳት የነካው ሞላ ጉልበት የለውም። አሁን ባዶዋን ቆማ አምራልሃለች። ሰው ሲጫንባት፣ ጉድጓድ ስትገባ በምኗ ትችለዋለች? ጎማው ይሄን ቆርቆሮ ይበላዋል፣ ቆርቆሮው ደግሞ ጎማውን ይበላዋል። ዝቅ ማድረግ ካማረህ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሞላ አለ፤ ከነሾክ አብዞርበሩ በባለሙያ ይገጠማል።"

"እሱ እስኪመጣ ሰርጉ ያልፋል፤ ዋጋውም አይቀመስም። እርስዎ ደግሞ ያካብዳሉ! ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ዝቅ ያለች መኪና ታምራለች ብሏል። እማዬም እግሯን ሳታነሳ ትገባለች። ለአንድ ቀን ነው እኮ!"

"በሂርና መንገድ አርበረከቴ ላይ ያለው ገደል የሰርግ ነው የአዘቦት ነው ብሎ አይጠይቅህም።"

"ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም" አለ አክረም። ኢስማኢል ተናደደ። "የአላህን ስም ለጥፋትህ ዋስ አትጥራ! ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ ነው የተባለው። አንተ ግመሉን ፈትተህ ነው ኢንሻአላህ የምትለው።" ይሄን ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ሄዶም ዝም አላለም። ገለምሶ ውስጥ ከተፈታ ኮሮላ የወጣ ደህና ሞላ አፈላልጎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ አምጥቶ የሙስሊማ በር ጥግ አስቀመጠው። "ሰርጉ ባለፈ ማግስት ይቀየርልኝ" አለ። አክረምም እሺ አለ።

የሰርጉ ቀን ምንም አልሆነም። ክፉው ነገር ይሄ ነው፤ ምንም አለመሆኑ! ያን ቀን ጎማዋ ቢፈነዳ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሆዷ ድንጋይ ቢመታ ኖሮ ተሳስቀንበት እንቀር ነበር። ኮሮላዋ በአበባ አጊጣ ከፊት ሆነች፣ አጀቡ ጥሩምባውን እየነፋ ከኋላ፣ ቀስ እያለ ሂርና ደርሶ ተመለሰ። አጀቡ ከመነሳቱ በፊት ሙስሊማ በአዲስ የድሪያ ቀሚሷ መጣችና እግሯን ሳታነሳ፣ ሰው ሳይደግፋት፣ ገብታ ተቀመጠች። "እናትነሽ፣ አየሽ?" አለችኝ በመስኮቱ። "ልጄ መኪናውን ለእግሬ ዝቅ አደረገልኝ።" እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቶ ነበር። እኔም እልል አልኩ፤ ያላለ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ኢስማኢል ደወለ። አክረም ከረጢቱን አንስቶ ሊሄድ ሲል እናቱ ከለከለችው። "ተወው እስቲ፣ ለመልሱም ታስፈልገኛለች። እንደዚህ ተመችቶኝ መኪና ገብቼ አላውቅም። ከመልሱ በኋላ ትቀይረዋለህ።" እሱም ውስጡ ይሄንኑ ይፈልግ ነበርና ከረጢቱን መልሶ አስቀመጠው። ለአንድ ቀን የተባለው ነገር እንዲህ ነው የሚቆየው፤ በፍቅር፣ በይሉኝታ፣ "ከዚህ በኋላ" እየተባለ።

የመልሱ ቀን አክረም ሙሽሮቹን ሊያመጣ ጠዋት ወደ ሂርና ሄደ። እኛ ሴቶቹ ሙስሊማ ቤት ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ስንጠብስ ዋልን። ሙስሊማ በየመሃሉ እየተነሳች በር ላይ ትቆማለች። "ቁጭ በይ፣ ይመጣሉ" እላታለሁ። "ልጄ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል፤ እስክትገባ አላምንም" ትለኛለች። ምሳ ሰዓት አለፈ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህርም ተሰገደ። ከዚያ ኢስማኢል ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ አነሳው፣ ሰማ፣ ቁልፉን ይዞ ወጣ። ሙስሊማ ወንድሟ ጫማውን ሳያጠልቅ ሲሮጥ ባየች ጊዜ እጇ ላይ የነበረው ሳህን ወደቀ። "ልጆቼ!" አለች።

የሆነውን በኋላ የነገረን ዓሊዩ ነው። መኪናዋ ሞልታ ነበር። እሱ ከፊት፣ ፈርዶሳና ነጅዋ የምትባለው ሚዜዋ ከኋላ፣ ከነጅዋ ጎን የዓሊዩ እናት፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ የመልስ በግና አንድ ጆንያ ድንች። ገና ከሂርና ሲወጡ ከኋላ ጎማ በኩል የሚፋጭ ድምፅ ነበር። ነጅዋ "አክረም፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?" ብትለው፣ "ጎማው ቆርቆሮውን እየነካው ነው፣ ስለከበደች ነው" አላት። ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። አርበረከቴን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ኩርባው ላይ አንድ ጉድጓድ ነበር። ደህና ሞላ ያላት መኪና ነቅነቅ ብላ የምታልፈው ጉድጓድ ነው። ኮሮላዋ ግን ገባችበትና ደጋግማ ነጠረች፤ ቆርቆሮው ሲፍቀው የመጣው ጎማ ፈነዳ፤ መሪው ከአክረም እጅ አመለጠ። ከመንገዱ ወጥታ የጫት ማሳው እርከን ላይ ተገለበጠች።

በጉ እንኳን ተርፏል። የዓሊዩ እናት ትከሻዋ ወለቀ፣ ነጅዋ ክንዷ ተሰበረ፣ ወንዶቹ ቆዳቸው ተላጠ። ፈርዶሳ አልጮኸችም አሉ። ሰዎች ጎትተው ሲያወጧት፣ "እግሬ የት ነው ያለው?" ብላ ጠየቀች። እግሯ እዚያው ነበር፤ የተሰበረው ወገቧ ነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ሐረርም ተወሰደች፣ አዲስ አበባም ተወሰደች። ከዚያ ተመልሳ መጣች፤ ወደ እናቷ ቤት፣ በቃሬዛ። የፈርዶሳ መልስ ይሄ ሆነ።

ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች አክረምን "የአላህ ውሳኔ ነው፣ አይዞህ" ሲሉት ሰማሁ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። "አይደለም" አላቸው። "አላህ ምክር ልኮልኝ ነበር፤ በአጎቴ አፍ። እኔ መኪናዬን ላስተኛ ብዬ እህቴን አስተኛኋት።" ሙስሊማ ከወዲያኛው ክፍል ሰምታ፣ "ተወው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለዚህ ለበሰበሰ እግሬ!" እያለች ጉልበቷን በቡጢ ትመታ ጀመር። እጇን ይዤ አለቀስኩ።

ወገኖቼ፣ ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ግን መከራው ሁልጊዜ እንቢ ያለውን አያገኘውም፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን፣ አምኖ የተሳፈረውን ያገኘዋል። ሞላ መቁረጥ፣ ሞላ ማጋል ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ የሰርጉ ቀንም ምንም አይሆንም። መኪናችሁን ዝቅ ማድረግ ካለባችሁ በሚገባው ዕቃ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ይሁን፤ አቅም ከሌለ እንደተሠራች ትቁም። እንደተሠራች በቆመች መኪና ያፈረች ሙሽራ የለችም።

ዚያድ ከዚያ ወዲህ ሞላ ላይ እሳት አስጠግቶ አያውቅም። "አስተኛልኝ" ብሎ ለሚመጣ ሁሉ "አክረም ቤት ሂድ" ነው የሚለው። በቅርቡ በለጠ የሚባል የሰፈራችን ልጅ መጣ፤ እህቱን ሊድር ነው። እኔ ለፈርዶሳ ሾርባ ይዤ ገብቼ ነበር። አክረም በሩን ከፈተለትና ምንም ሳይጠይቀው ይዞት ወደ እህቱ ክፍል ገባ። በለጠ አልጋው ላይ ያለችውን ሲያይ ደነገጠ።

"ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው መሰለኝ። መኪና ላስተኛ ብዬ…"

"አልተሳሳትክም፤ ቁጭ በል" አለችው ፈርዶሳ። "ማን ነው የሚሄድባት?"

"እህቴ። ሙሽራዋ።"

"ከኋላ ትቀመጣለቻ?"

"አዎ፣ ከኋላ።"

"እኔም ከኋላ ነበርኩ" አለችው።

በዚህ መሃል የማገላበጫዋ ሰዓት ደረሰ፤ ገላዋ እንዳይቆስል በየጊዜው ትገላበጣለች። ሙስሊማ አልጋውን ጨብጣ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ተነሳችና የልጇን እግሮች ማንሳት ጀመረች። አክረም ትከሻዋን ያዘ። በለጠ ትንሽ አየና ተነስቶ እግሮቹን ከሙስሊማ እጅ ተቀበላት። ሲወጣ በሩ ጥግ ያለው ከረጢት እግሩን መታው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"ሞላ ነው" አለው አክረም። "ከመልሱ በኋላ ልገጥመው ነበር።"

የበለጠ እህት ሰርግ ትናንት አለፈ። አጀቡ በእኛ በር ሲያልፍ ሙሽራዋ ከሱቄ ማዶ የምትኖረውን አክስቷን ለመሰናበት ወርዳ ነበር። መኪናዋ እንደተሠራች ከፍ ብላ ቆማለች። ሙስሊማ ግድግዳ ተደግፋ ደጃፏ ላይ ቆማ ታያለች፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ገባች፤ ሌላውንም አስከተለች።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ሙስሊማ ክንዴን ጨምቃ ይዛ። "እግሯን አነሳች።"