ደሳለው ያልነካው መኪና

ሁለተኛው ዱላ መካኒኩ ደሳለው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ፀደይ ጥርሷን ነከሰች። ደሳለው የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ። ጋራዡ ደጃፍ የተሰበሰበው ሰው «ኧረ ተው፣ ኧረ ገላግሉ» ይላል እንጂ ጠጋ የሚል አልነበረም። ግንባሩ በፋሻ የተጠቀለለው አባቷ መንግሥቴ ዱላውን እንደገና አነሳ። ወረታ ውስጥ ይህን ሰውዬ የሚያውቅ ሁሉ፣ ሲቆጣ ከአፉ ዱላው እንደሚቀድም ያውቃል።

«ጋሽ መንግሥቴ፣ ማርያምን፣ መኪናዎን አልነካሁም» አለ ደሳለው በክንዱ ራሱን ከልሎ።

መንግሥቴ ዞር ብሎ ልጁን አሸናፊን በዓይኑ ፈለገ። ሰውም አብሮት ዞረ። አሸናፊ ከእህቱ ከፀደይ አጠገብ ቆሟል። የኋላ ጎማውን ጎሚኒ ማን እንደቀየረው አባቱ ጠየቀው።

«እሱ ነው» አለ አሸናፊ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ዱላው በዚህ ጊዜ ያገኘው የደሳለውን አፍ ነበር። ደሳለው ተንበርክኮ ዘይት በጠገበው አፈር ላይ ደምና አንድ ጥርስ ተፋ። ሰው ገብቶ የገላገለው ያኔ ነው።

መኪናውን ማን እንደፈታው፣ ማንስ እንደገጠመው፣ ከአሸናፊ ሌላ የምታውቀው ፀደይ ብቻ ነበረች።

የመንግሥቴ ፒካፕ ዕድሜዋ ከፀደይ ዕድሜ እጥፍ ይበልጣል፤ በፎገራ ሜዳ ሩዙን ያልጫነችለት ገበሬ ማግኘት ይከብዳል። ከሳምንት በፊት የቀኝ የኋላ ጎማዋ ውስጡ በዘይት ርሶ ተገኘ። ጎማውን የሚያዞረው ረጅም ብረት ጫፍ ላይ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ ክብ ጎሚኒ አለ፤ አልቆ ኖሯል። ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ሸራ ከዘለቀ መኪና ቁሚ ቢሏት አትቆምም። መንግሥቴ አዲስ ጎሚኒ ገዝቶ ለአሸናፊ ሰጠው፤ መኪናዋን ወስዶ ለደሳለው እንዲያስረክብ አዘዘውና ራሱ ለጉዳይ አንበሳሜ ሄደ።

አሸናፊ ወደ ጋራዡ አልሄደም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወደቀ ወዲህ «አትረባም» የሚለው የአባቱ ቃል ከምሳና ከራት ጋር እየተደረበ ነበር የሚቀርብለት። ስለዚህ አንድ ቁም ነገር ሠርቶ ሊያሳየው ፈለገ። አባቱ ደሳለው የሠራው መስሎት ያመሰግናል፤ አሸናፊም ከዚያ በኋላ «እኔ ነኝ» ይላል። ሐሳቡ ፀደይንም ደስ አሰኛት። መኪናዋን የሚያነሳውን ክሪክ አብራው አዞረች፤ መፍቻ አቀበለች። ጎማው ወለቀ፣ ፍሬኑን የሸፈነው ታምቡር ወለቀ፣ ረጅሙ ብረት ተስቦ ወጣ። አዲሱ ጎሚኒ ግን አልገባም አለ። እንጨት አስደግፎ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ማስገባት ነበር ወጉ። አሸናፊ ትዕግሥቱ አለቀና ፀደይ ባቀበለችው መዶሻ ደበደበው፤ ጎሚኒው አንድ ጎኑ ተጨማዶ ገባ። ዘይት የጠጣውንም ሸራ በቤንዚን አጥቦ መልሶ ገጠመው። ፀደይ ሸራው አይቀየርም ወይ ብትለው፣ «አቦ አታካብጂ፣ ይደርቃል» አላት።

መንግሥቴ ተመልሶ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና የደሳለውን እጅ መረቀ። አሸናፊ መናገር የነበረበት ያኔ ነው። የተጨማደደው ጎሚኒ ትዝ ቢለው ግን ምስጋናውን ለደሳለው ተወለት።

ጥቂት ቀን እንደሠራች፣ ከጣራ ገዳም በኩል እህል ጭና ቁልቁል ስትወርድ፣ መንግሥቴ ፍሬን ረገጠ። ግራው ያዘ፤ በዘይት የተዋጠው ቀኙ ግን አልያዘም። መኪናዋ ዞራ ከመንገድ ወጣችና ተገለበጠች። መንግሥቴ ግንባሩ ተፈነከተ። አብሮት የነበረው የፀደይ አጎት ባየህ ግን እግሩ ከብረቱ ሥር ቀርቶ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጣ። ከሆስፒታል ሲመለስ ነው እንግዲህ መንግሥቴ ዱላውን ይዞ ወደ ጋራዡ የሄደው።

ቤት እንደገቡ አሸናፊ እህቱን ወደ ጓሮ ጎተታት። ክንዷን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት።

«ትንፍሽ ብትይ እገድልሻለሁ።»

«ጥርሱ ወለቀ እኮ» አለች።

«የኔ ራስ ነው የሚወልቀው። አባዬን አታውቂውም እንዴ?»

ታውቀዋለች። አሸናፊ ክንዷን እየጠመዘዘ ራሱ ያለቅስ ነበር፤ እንባው አንገቷ ላይ ይንጠባጠባል። ፀደይ ከሕመሙ በላይ ያስደነገጣት፣ ወንድሟን በዚያች ቅጽበት መጥላቷ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት ትምህርት ቤት በር ላይ የጠበቀቻት የደሳለው እህት ሰርክ ነበረች። አንድ ክፍል ናቸው። ሰርክ በጥፊ አጮለቻት። ፀደይ እጇን አላነሳችም። ሰርክ እንደገና መታቻት፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ አሁንም አልመከተችም። አለመመከቷ ሰርክን የባሰ አናደዳት፤ የልቧንም አስለፈለፋት።

«ወንድሜ ውኃ እንኳ መዋጥ አቅቶታል። ማርቆስ ደግሞ ዛሬ ገጀራውን ሲስል ነው ያረፈደው። አባትሽ አመሻሽ ላይ አጎትሽን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሲሄድ በሩዝ መፈተጊያው በኩል አይደል የሚያልፈው? ዛሬ አያልፍም።»

ማርቆስ የደሳለውና የሰርክ ታላቅ ወንድም ነው፤ የማይቀልድ ሰው ነው። ፀደይ ክፍል ሳትገባ ተመለሰች፤ ቤት ለመግባት ፈርታም ፀሐይ እስክትበርድ በየመንገዱ ዞረች። መንገድ ላይ ሐሳቡ እርስ በርሱ ተጋጨባት። ለአባቷ ማርቆስ እየጠበቀዎት ነው ብትለው መንገድ የሚቀይር ሰው አይደለም፤ እንዲያውም መጥረቢያውን ይዞ ቀድሞ ይደርሳል። ለፖሊስ ብትናገር ማርቆስ ዛሬ ይታሰራል፤ ሲፈታስ? እውነቱን ብታወጣው ደግሞ ዱላው የሚዞረው ወደ ወንድሟ ነው። አባቷንም ወንድሟንም ሳታስነካ የምትወጣበት መላ ፈለገች፤ አጣችለት።

ስትደርስ አባቷ ግቢው ውስጥ ጫማውን እያሰረ ነው። አሸናፊ በር ላይ ተቀምጧል። ፊቷን ሲያይ ገባው፤ ራሱን በልመና ነቀነቀባት።

«አባዬ፣ ጎሚኒውን ያስገባው ደሳለው አይደለም» አለች። «እኛ ነን። አሸናፊ በመዶሻ መታው፤ መዶሻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ደሳለው መኪናዎን አላያትም።»

መንግሥቴ ልጁን አየው። አሸናፊ መካድ እንኳ አልቻለም፤ ተነስቶ ሊሮጥ ሲል ዱላው ጉልበቱን አገኘው። ወደቀ። ዱላው ጀርባው ላይ፣ ጎኑ ላይ ወረደ። እናታቸው ድንቅነሽ ከጓሮ ሮጣ መጥታ ልጇ ላይ ተደፋችበት፤ ፀደይም የአባቷን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣ ተንጠለጠለችበት። ወርውሮ ካቡ ላይ ጣላት።

«ማርቆስ ገጀራ ይዞ እየጠበቀዎት ነው» አለች ከወደቀችበት። «እዚህ እርስዎ ልጅዎን ይምቱ፣ እዚያ እነሱ እርስዎን ይምቱ። ማን ይቀራል ታዲያ?»

መንግሥቴ ቆመ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። ፋሻው ደም አዝሏል። ዱላውን አየው፤ ግን አልጣለውም።

ድንቅነሽ የልጇን ራስ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ሳይመሽ ድንጋይ ተሸክማችሁ ደሳለው ቤት ሂዱ አለቻቸው። በዳይ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የተበዳይ ደጃፍ ከወደቀ፣ የቱንም ያህል የተቆጣ ሰው እጁን አያነሳበትም፤ በአገሩ ይህን የማያውቅ የለም።

«እኔ መንግሥቴ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለደሳለው ድንጋይ ልሸከም?» አለ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ነገ ሽማግሌ እንደሚልክ ተናገረ። አሸናፊ ደግሞ እግሬ አይችልም ብሎ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘቅዝቃለች። ፀደይ ተነሳች። ያቆሰላትን ካብ ደግፋ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ከላዩ አንድ ድንጋይ አነሳች። ከበዳት። በነጠላዋ ማጅራቷን ሸፈን አድርጋ ድንጋዩን አስቀመጠችበትና በአንድ እጇ ያዘችው። ትራመዳለች ብለው ሲጠብቁ እንደገና ጎንበስ አለች፤ በቀረው እጇ ሌላ ድንጋይ አነሳች።

ሁለተኛውን ድንጋይ ወስዳ በአባቷና በወንድሟ መሃል መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከሁለቱ ማን እንደሚሸከመው አልተናገረችም። የግቢውን በር ገፍታ ወደ ደሳለው ቤት በሚወስደው መንገድ ወጣች።