ወደ ግራ የተገመደው

መርዳስን ማን ሰደበህ ቢሉት ስም ይጠራል፤ መቼ ቢሉት ሰዓቱን ይናገራል። የአርዲባን ገመድ ሠሪዎች አለቃ፣ ሊቀ ገመድ ጎራዝ ነው የሰደበው፤ ንጉሥ ዳራም በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ በበረኞች በዓል ዕለት፣ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ንጉሡና መኳንንቱ እያዩ። ጎራዝ መርዳስ ሁለት ዓመት የደከመበትን ገመድ እንደ ሞተ እባብ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ይኼ ወደ ግራ የተገመደ ነው፤ ወስደህ አህያ እሰርበት» አለው። መኳንንቱ ሳቁ። የትኛው ቀድሞ እንደ ሳቀ መርዳስ እስከ ዛሬ ያውቃል።

በአርዲባን በንጉሥ ፊት ግራ እጅ አይዘረጋም። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ገመድ ክሩም ወደ ቀኝ ይፈተላል፣ ክሮቹም ወደ ቀኝ ይገመዳሉ። ለዓይን ያምራል። ሸክም ተንጠልጥሎበት አየር ላይ ሲሾር ግን ይፈታል። ወደ ቀኝ የተፈተለ ክር ወደ ግራ ሲገመድ ነው አንዱ ሌላውን ጨብጦ የማይለቀው። ይህን ለመርዳስ ማንም አላስተማረውም፤ መዳፉ እስኪላጥ ሠርቶ፣ አበላሽቶ፣ ፈትቶ እንደገና ሠርቶ ነው ያወቀው።

በዚያው ዓመት ኡዝማ የተባለው አውሬ የዝናቡን ከበሮ ሰርቆ ጎርማት ወደሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ወረደ። ኡዝማ ዓይን የለውም፤ ምግቡ ድምፅ ነው። ከበሮው ሲሄድ ደመናውም ሄደ። በሦስተኛው የድርቅ ዓመት ጠቢባኑ «ከበሮው በሰው ጀርባ ካልወጣ ሰማይ አይከፈትም» ሲሉ ተነበዩ። ቀስተኛዋ ሰንደሊት ተነሣች። የከበሮው ጠባቂ አዛውንቱ አባ ዘልቃን ተነሡ። ሦስተኛው ገመድ የሚያውቅ ሰው ይሁን ሲባል ጎራዝ ጉልበቱን አመመውና መርዳስን ጠቆመ። ሦስቱም በንጉሡ ፊት ማሉ፦

«ከበሮው ሳይወጣ ብንወጣ ምድር አትቀበለን፤ ስማችንም በሰው አፍ አይጠራ!»

በጉድጓዱ አፋፍ ላይ መርዳስ የሚወርዱበትን ገመድ ዳሰሰው። የጎራዝ ሥራ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይህ ገመድ ሁለት መቶ ክንድ ላይ ሦስት ሰው አይችልም።»

«ከፈራህ ፈራሁ በል» አለ ጎራዝ፤ «ገመዴን ግን አትሳደብ።»

መሐላ ነውና ወረደ። ታቹ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ገመዱ መሾር ጀመረ፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ተላቀው ተበጠሰ። ከነቀስትና ሰይፋቸው ኩሬ ውስጥ ወደቁ። ጎራዝ ከላይ ቁራጩን ስቦ «ሞተዋል» አለና ሕዝቡን ይዞ ሄደ። መጣራት አልቻሉም፤ ኡዝማ ከበሮውን አቅፎ እዚያው ተኝቷል፤ የውኃ ድምፅ ለምዷል፣ ሌላ ድምፅ ከሰማ ግን ይነቃል።

ግድግዳው በአራቱም በኩል ልሙጥ ነው። ሰማዩ ከላይ የሰሐን ያህል ይታያል። በሰሐኑ መካከል ከአፋፍ እስከ አፋፍ የተዘረጋ የድንጋይ ቅስት አለ።

«ቀስቴ እዚያ ይደርሳል» አለች ሰንደሊት በሹክሹክታ። «ክር ካገኘሁ በቅስቱ ላይ አሳልፈዋለሁ። በክሩ ደግሞ ገመድ እንስባለን።»

«ገመዱስ ከየት ይመጣል?» አሉ አባ ዘልቃን።

መርዳስ እግሩ ሥር ያለውን ዳበሰ። አውሬው ለዘመናት ያራገፈው ጠጉር ተከምሯል።

ካንድ ፍላጻ እንዝርት ሠራ። ዓይን የሌለው ነጭ ዓሣ ጥሬውን እየበሉ፣ ከድንጋዩ የሚንጠባጠብ ውኃ እየላሱ ተቀመጡ። አዛውንቱ ጠጉሩን ያበጥራሉ፤ መርዳስ ይፈትላል። ሲፈትል ጎራዝን ያስባል፤ ሲያስበው ክሩ ይከርና ይበጠሳል። በአርባኛው ቀን የመጀመሪያውን ገመድ በድንጋይ ሲፈትነው ለሁለት ተከፈለ። ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ። ግድግዳው የቀረበ፣ ሰሐኑ የጠበበ መሰለው።

«ልጄ፣» አሉት አባ ዘልቃን፣ «ያ ሰውዬ እዚህ የለም። እዚህ ያለው ጠጉር ነው።»

ሁሉንም ፈትቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። በሰባተኛው ወር አለቀ ሲባል ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሳስቷል።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ሰንደሊት በሹክሹክታ እየተቆጣች፣ «ገመድ ነው የምትሠራው ወይስ ልጅህን ልትድር ነው? ይበቃል፣ እንውጣ!»

«አይበቃም።»

«ማን ያየዋል?»

«እኔ ነክቼዋለሁ» አለና ዘጠኝ ክንድ ፈታ።

ሰንደሊት በፍላጻዋ ክሩን በቅስቱ ላይ አሳለፈች፤ ገመዱም ተከተለ። አንዱን ጫፍ ከታች ካለ ቋጥኝ ጋር አሰሩት። ሰንደሊት ቀድማ ወጣች። ገመዱ አልሾረም። መርዳስ ከተኛው አውሬ ክንድ ከበሮውን ቀስ ብሎ አውጥቶ በጀርባው አዘለ፤ አባ ዘልቃን ይከተላሉ ተባለ። ቅስቱ ላይ ሊደርስ አሥር ክንድ ሲቀረው ግን ከበሮው ግድግዳውን ነካ።

ጎርማት በሙሉ አስተጋባ። ኡዝማ ነቃና ወደ ገመዱ ዞረ።

በዚያ ጊዜ ከታች አባ ዘልቃን ሰባት ወር የታፈነ ድምፃቸውን ለቀቁት። የዝናቡን ዝማሬ እየዘመሩ ከገመዱ ራቁ፤ አውሬው ተከተላቸው። መርዳስ እያለቀሰ ወጣ። ቅስቱን ሲጨብጥ ዝማሬው ከመካከሉ ተቆረጠ።

ገመዱ ከታች ተጎተተ። የሰው ክብደት አልነበረም። የኡዝማ ትንፋሽ ወደ ላይ መጣ፤ ገመዱም አውሬውን ያህል ተሸክሞ አንድ ክሩ እንኳ አልላላም።

«ቁረጠው!» አለች ሰንደሊት ሰይፏን እየሰጠችው።

መርዳስ ገመዱን ለመጨረሻ ጊዜ በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚህ የተሻለ እንደማይሠራ ያውቃል። በሁለት ምት ቆረጠው፤ ገመዱ በቅስቱ ግራና ቀኝ አውሬውን ይዞ ወረደ።

ከበሮው በንጉሡ አደባባይ ሲመታ ዝናቡ ጣለ። በሕዝቡ እልልታ መሃል ጎራዝ ወደ ፊት ወጣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ የቤተ መንግሥትዎ ገመድ አውርዶ መለሳቸው! ከታች የቀረላቸው ቁራጭ ባይኖር በምን ይወጡ ነበር? ሌላ ገመድ አለ የሚል ካለ ያሳየን። የታለ?»

መኳንንቱ ሳቁ።

«ንገራቸው እንጂ!» አለች ሰንደሊት ክንዱን እየነቀነቀች። «ኧረ ተናገር፣ ምን ያዘህ?»

«መርዳስ፣» አሉ ንጉሡ፣ «ምን ትላለህ?»

ሲያሰናዳው የኖረው መልስ ቃል በቃል አፉ ላይ ነበር። የጎራዝን እጅ አየ፤ ነጭና ለስላሳ ነው፣ አንድ ጠባሳ የለበትም። ያን ገመድ የነካው የመርዳስ መዳፍ ነው፤ ያም በቃው። መርዳስ በአርዲባን የማይደረገውን አደረገ፦ ለንጉሡ ጀርባውን ሰጠና በዝናቡ ውስጥ ሄደ።